ለኢንተርንሺፕ ወደ ውጭ አገር ስትሄዱ፦ ከቅበላ ደብዳቤ እስከ መጀመሪያው የሥራ ሳምንት

"ኢንተርንሺፕ ተቀበሉኝ፤ አሁን ከምን ልጀምር?" የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹም የሚሄዱባቸው አገሮችም ይለያያሉ፤ የሚገጥማቸው ችግር ግን ተመሳሳይ ነው። አንዱ ትኬት ገዝቶ ቪዛውን ገና አልጀመረም። ሌላዋ ሁሉንም ወረቀት አሟልታ፣ ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው አልስማማ ብለዋታል። መልሱን አንድ ጊዜ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፤ የምትሰበስቧቸው ወረቀቶች ሁሉ አንድ ስም፣ አንድ የጊዜ ገደብና አንድ የጉዞ ዓላማ መናገር አለባቸው። ደረጃዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ያስቀመጥኳቸው አንዱ የሌላው መነሻ ስለሆነ ነው። ደብዳቤው የቪዛውን ዓይነት ይወስናል፤ ቪዛው የትኬቱን ቀን፤ ትኬቱ ደግሞ የቤት ቁልፍ የምትረከቡበትን ቀን። ከተቻለ ሥራው ከሚጀመርበት ቀን አራት ወር ቀድማችሁ ተነሡ። ሁለት ወር ብቻ ከቀራችሁ ደረጃ 4ን አስቀድማችሁ አንብቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከልምምዱ (ከኢንተርንሺፑ) ማብቂያ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ፓስፖርት
- ከተቀባዩ ድርጅት የተጻፈና የተፈረመበት የቅበላ ደብዳቤ ወይም የልምምድ ስምምነት
- ከዩኒቨርሲቲ የተማሪነት ማረጋገጫና የውጤት ማስረጃ፤ ለተመረቀ ሰው የዲግሪ ምስክር ወረቀት
- በቅርቡ የተነሣችሁት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ በወረቀትም በኮምፒውተርም
- የባንክ ሒሳብ መግለጫ፤ ወጪውን ሌላ ሰው የሚችል ከሆነ የእርሱ ደብዳቤና የባንክ መግለጫ
- የኢንሹራንስ ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ
- ወረቀት የማያጥፍ ጠንካራ ማኅደር፣ እንዲሁም የሁሉም ሰነዶች ቅጂ በስልክና በኢሜይል
- ቀኖችን የምትጽፉበት አንድ ትልቅ ወረቀት

1. የቅበላ ደብዳቤውን እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡ

ደስታው ሲሰክን ደብዳቤውን አትሙትና ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። እነዚህን ፈልጋችሁ አስምሩባቸው፦ ሙሉ ስማችሁ፣ ሥራው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የሥራ ቦታው ሙሉ አድራሻ፣ በሳምንት የምትሠሩበት ሰዓት፣ ክፍያ መኖር አለመኖሩ፣ የሚከታተላችሁ ሰው ስምና የሥራ ድርሻ፣ ኢንሹራንስና መኖሪያን ማን እንደሚሸፍን። አንዱ እንኳ ከጎደለ ዛሬውኑ ጽፋችሁ እንዲሟላ ጠይቁ። ከእናንተ በኋላ ደብዳቤውን የሚያነበው የቪዛ ሠራተኛ ስለ እናንተ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። "ለጥቂት ወራት" የሚል ደብዳቤ የስንት ቀን ቪዛ እንደሚያስፈልጋችሁ አይነግረውም። ስለ ክፍያ ዝም ያለ ደብዳቤም "ታዲያ በምን ይኖራሉ?" የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

ቀን ሲጻፍ ወሩ በቃል እንዲጻፍ ጠይቁ። 03/07 በአሜሪካ አጻጻፍ ማርች 7 ነው፤ በአብዛኛው አውሮፓ ደግሞ ጁላይ 3። የአራት ወር ልዩነት በአንድ ሰረዝ ውስጥ ተደብቋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ደብዳቤው ከእውነተኛ ድርጅት መምጣቱን አረጋግጡ። ስልክ ቁጥሩን ከደብዳቤው ላይ አትውሰዱ፤ የድርጅቱን ድረ ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ በዚያ በምታገኙት ቁጥር ወይም ኢሜይል ጠይቁ። "ቦታው እንዲያዝላችሁ ገንዘብ ላኩ" የሚል መልእክት ከደረሳችሁ እዚያው አቁሙ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ከአመልካች ክፍያ አይጠይቅም፤ በስሙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ሕጋዊ ክፍያ የሚያስከፍሉ የልውውጥ ፕሮግራሞች መኖራቸው እውነት ነው፤ እነርሱ ግን የክፍያውን ዝርዝር በግልጽ ያሳውቃሉ፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብም አያስልኩም።

2. ፓስፖርታችሁን መርምሩ

መጀመሪያ የማብቂያውን ቀን እዩ። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ይጠይቃሉ። የሸንገን አገሮች፣ ማለትም በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥርን ያነሡት የአውሮፓ አገሮች፣ ደንባቸው ትንሽ ይለያል፤ ፓስፖርቱ ከአካባቢው ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የሚታደስ ከሆነ ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት አሳድሱት። የቪዛ ማመልከቻ የሚመዘገበው በፓስፖርት ቁጥር ስለሆነ፣ ቁጥሩ መሐል ላይ ከተቀየረ ቅጹን፣ የድርጅቱን ሰነድና ኢንሹራንሱን እንደገና ማስተካከል ይመጣል።

ቀጥሎ ፎቶግራፋችሁ ካለበት ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ። እያንዳንዱ መስመር 44 ምልክት አለው፤ በስሞቹ መካከል ወደ ግራ የሚያመለክቱ ትናንሽ ቀስቶች ተደርድረዋል። የድንበሩ ማሽን የሚያነበው ይህንን ነው። ከሁለቱ ተከታታይ ቀስቶች በፊት ያለው የቤተሰብ ስማችሁ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከእነርሱ በኋላ ያለው የራሳችሁ መጠሪያ። በትኬት፣ በኢንሹራንስ፣ በቪዛ ቅጽና በክትባት ካርድ ላይ ስማችሁ በዚህ ፊደልና በዚህ ክፍፍል መጻፍ አለበት። የቤተሰብ ስም የማይጠቀሙ ሰዎች እዚህ ላይ ደጋግመው ይሳሳታሉ፤ በአንዱ ቅጽ ሁለተኛውን ስም፣ በሌላው ሦስተኛውን የቤተሰብ ስም ያደርጉታል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የስማችሁን አጻጻፍ ከዚያ ገጽ ገልብጣችሁ ቀኖችን በምትጽፉበት ትልቅ ወረቀት አናት ላይ ጻፉት፤ ቅጽ በሞላችሁ ቁጥር ከዚያ ቅዱት።

3. የቪዛችሁን ዓይነት ለዩ

ብዙ ጥያቄ የሚመጣብኝ በዚህ ደረጃ ላይ ነው። "ክፍያ የለውም፤ ታዲያ በቱሪስት ቪዛ ብገባስ?" አይሆንም። የብዙ አገሮች የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያየው በድርጅት ውስጥ ሥራ መሥራታችሁን ነው፤ ደመወዝ አለመኖሩ ብቻውን ሥራውን ጉብኝት አያደርገውም። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ሲሠራ የተገኘ ሰው ሊመለስና ለዓመታት እንዳይገባ ሊታገድ ይችላል፤ ቀጥሎ ለየትኛውም አገር ቪዛ ሲጠይቅም ይህን እንዲገልጽ ይጠየቃል።

አሜሪካ፦ ለኢንተርን የሚሰጠው የተለመደው ቪዛ ጄ-1 የተባለው የልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ ነው። አመልካቹ ከአሜሪካ ውጭ ባለ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም እየተማረ ያለ፣ ወይም ልምምዱ ከሚጀመርበት ቀን በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ የተመረቀ መሆን አለበት። ልምምዱ ከ12 ወር አይበልጥም፤ በሳምንት ቢያንስ 32 ሰዓት መሥራትም ግዴታ ነው። የሚቀጥራችሁ ኩባንያ በራሱ ቪዛውን ማስጨረስ አይችልም። በመካከል በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የተሰጠው ስፖንሰር አለ፤ ለቪዛው ብቁ መሆናችሁን የሚያሳየውን ዲኤስ-2019 የተባለውን ቅጽ የሚያወጣው እርሱ ነው። ዲኤስ-7002 ደግሞ የሥልጠናው ዕቅድ ነው፤ በየምዕራፉ ምን እንደምትማሩና ማን እንደሚከታተላችሁ ይዘረዝራል። ይህን ዕቅድ ሳታነቡ አትፈርሙ። ከሥራው 20 በመቶ በላይ የጽሕፈት ቤት ሥራ እንዳይሆን ደንቡ ይከለክላል፤ ስለዚህ "ፋይል ማደራጀትና ስልክ መመለስ" የሞላበት ዕቅድ ለቪዛውም ለእናንተም አይበጅም። ቀጥሎ የሴቪስ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችንና የልውውጥ ተሳታፊዎችን የሚከታተልበት መዝገብ፣ ክፍያ ይከፈላል፤ ደረሰኙን ለቃለ መጠይቁ ያዙ።

አውሮፓ፦ በሸንገን አካባቢ የአጭር ጊዜ ቪዛ በየትኛውም የ180 ቀን ጊዜ ውስጥ 90 ቀን ብቻ ይፈቅዳል። ከዚያ የሚበልጥ ልምምድ የአገሩን ብሔራዊ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። ለአጭሩም ቢሆን በዚያ ቪዛ መሥራት መፈቀድ አለመፈቀዱን የሚወስነው እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ስለሆነ፣ የምትሄዱበትን አገር ኤምባሲ በጽሑፍ ጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ያወጣው ስለ ተማሪዎች፣ ተመራማሪዎችና ተለማማጆች መግቢያ የሚደነግግ መመሪያ፣ ተለማማጁ ከድርጅቱ ጋር የተፈራረመው የሥልጠና ስምምነት እንዲኖረው ይጠይቃል። በስምምነቱ ውስጥ የትምህርቱ ግብ፣ የቆይታው ጊዜ፣ የሥራ ሰዓቱና የክትትሉ ሁኔታ መጻፍ አለባቸው። ከተመረቃችሁም ዲግሪው ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የተገኘ መሆን ይኖርበታል። ዴንማርክና አየርላንድ በዚህ መመሪያ አይገዙም፤ የራሳቸውን ሕግ እዩ።

ወደ ሌላ አገር የምትሄዱ ከሆነ ድርጅቱን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "ከዚህ በፊት ከውጭ የመጡ ተለማማጆቻችሁ በየትኛው ቪዛ ገቡ?" ይህን በስሙ ጠርቶ የሚመልስ ድርጅት ብዙ ሳምንታት ይቆጥብላችኋል።

4. ከሥራው መጀመሪያ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ትልቁን ወረቀት አውጡ። ከታች ሥራው የሚጀመርበትን ቀን ጻፉና ወደ ላይ ውጡ፦ የምትደርሱበት ቀን፣ ቪዛው በእጃችሁ መግባት ያለበት ቀን፣ የኤምባሲ ቀጠሮ፣ ሰነዶች ተረጋግጠውና ተተርጉመው የሚያልቁበት ቀን። የሸንገን ቪዛ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፤ ቢያንስ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው መቅረብ አለበት። ውሳኔው እንደ ደንቡ በ15 ቀን ይሰጣል፤ ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ እስከ 45 ቀን ሊዘልቅ ይችላል። እናንተ በ45ቱ አስሉ። የረጅም ጊዜ ብሔራዊ ቪዛዎች ከዚህም ይቆያሉ።

ቀጠሮ መያዝ ወረቀት እስኪሟላ አይጠብቅም። ኤምባሲው ከፈቀደ ቀጠሮውን ዛሬ ያዙና ወረቀቱን እስከዚያ ቀን አሟሉ፤ ከምርመራው ይልቅ የቀጠሮ ወረፋው የሚረዝምበት ጊዜ ብዙ ነው።

5. ሰነዶችን አረጋግጡና አስተርጉሙ

በመጀመሪያ የተቀባዩ አገር ሰነዱን በምን መልክ እንደሚቀበል እወቁ። ሰነዱ የወጣበትም የሚቀርብበትም አገር የ1961ዱ የሄግ ስምምነት አባል ከሆኑ አፖስቲል የተባለው አንድ ማረጋገጫ ይበቃል። አንዱ አባል ካልሆነ ሰነዱ በወጣበት አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም በሚቀርብበት አገር ኤምባሲ በተከታታይ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ከማስተርጎማችሁ በፊት አረጋግጡ። ማኅተሙ ከትርጉሙ በኋላ ከተመታ፣ ያልተተረጎመ ማኅተም ያለበት ሰነድ ይዛችሁ ትገኛላችሁ፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ይህን ይመልሱታል። ተርጓሚው በኤምባሲው ዕውቅና ያለው መሆኑንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

የፎቶግራፍ መጠን ከአገር አገር ይለያያል። የሸንገን 35 በ45 ሚሊሜትር ነው፤ የአሜሪካ አራት ማዕዘን ሆኖ 51 በ51 ሚሊሜትር፣ ያለ መነጽር። ሁለቱም ከተነሡ ከስድስት ወር ያልበለጣቸው መሆን አለባቸው።

6. ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ

የባንክ መግለጫ የሚጠየቀው ያለ ሕገወጥ ሥራ መኖር መቻላችሁን ለማየት ነው። ስለዚህ መርማሪው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አያይም፤ ገንዘቡ እንዴት እንደመጣም ያያል። ከማመልከቻው ሦስት ቀን በፊት በአንድ ጊዜ የገባ ትልቅ ገንዘብ ከተበደራችሁት የተለየ አይመስልም። ገንዘቡ በእውነት የእናንተ ወይም የቤተሰብ ከሆነ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ወረቀት አያይዙ።

ክፍያ ያለው ልምምድ ቢሆንም የመጀመሪያው ደመወዝ ወር ከሠራችሁ በኋላ ነው የሚመጣው፤ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ደግሞ ሌላ ሳምንታት ያልፋሉ። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ቀለብ፣ መጓጓዣና ኪራይ፣ እንዲሁም ቤት አከራይ የሚጠይቀው ማስያዣ ከመነሣታችሁ በፊት በእጃችሁ መኖር አለበት። ገንዘቡን በአንድ ቦታ አትያዙ፤ ጥቂቱ በጥሬው፣ ሌላው በሁለት የተለያዩ የባንክ ካርዶች ይሁን፤ ካርዶቹም በአንድ ቦርሳ አይቀመጡ። ወደ አሜሪካ ከ10,000 ዶላር በላይ፣ ወደ አውሮፓ ኅብረት 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ለጉምሩክ ማሳወቅ አለበት። ከአገራችሁ ይዞ ለመውጣት የተፈቀደውንም መጠን ጠይቁ።

7. ኢንሹራንስና ጤና

ኢንሹራንስ ከመግዛታችሁ በፊት ቪዛው የሚጠይቀውን ዝቅተኛ መጠን እወቁ። ለሸንገን ቪዛ ሽፋኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ሆኖ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ፣ ድንገተኛ ሕክምናንና ወደ አገር መመለስን የሚያካትት መሆን አለበት። ለጄ-1 የሚጠየቀው ከፍ ይላል፦ ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር፣ ለሕክምና ወደ ሌላ ቦታ ለማጓጓዝ 50,000፣ አስከሬን ወደ አገር ለመመለስ 25,000፤ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት የመጀመሪያ ድርሻም ከ500 ዶላር መብለጥ የለበትም። የጉዞ ኢንሹራንስ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ላይሸፍን ይችላል። ላቦራቶሪ፣ ግንባታ ወይም ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የሥራ ላይ አደጋን ማን እንደሚሸፍን ከድርጅቱ በጽሑፍ ተቀበሉ።

የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት የሚጠይቁ አገሮች አሉ፤ በመንገዳችሁ የምታልፉበት አገርም ጥያቄውን ሊያስነሣ ስለሚችል መተላለፊያችሁንም አስቡ። ምስክር ወረቀቱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ በመነሻው ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም። ከ2016 ጁላይ ወዲህ አንድ ክትባት ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በመጀመሪያው እሽግ ውስጥ፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር ያዙ፤ የማዘዣው ስምም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን። በአንዱ አገር ከመደርደሪያ የሚሸጥ መድኃኒት በሌላው የተከለከለ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ጃፓን ከ10 በመቶ በላይ ሱዶኤፌድሪን ያለበትን የጉንፋን መድኃኒት እንዳይገባ ትከለክላለች።

8. ከማስገባታችሁ በፊት ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ አስተያዩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ሌላውን ሁሉ ያህል ጊዜ እሰጠዋለሁ። አንድ ጊዜ ለሦስት ወር ልምምድ ወደ ሸንገን አገር የምትሄድ ልጅ ወረቀቶቿን ይዛ መጣች። ሁሉም ተሟልቷል። አራቱን ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። ደብዳቤው ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይላል። የያዘችው በረራ ኦገስት 28 ያደርሳታል። ኢንሹራንሱ የሚጀምረው ሴፕቴምበር 1 ነው፤ አራት ቀን ሽፋን የለም። በባንክ መግለጫው ላይ ደግሞ ስሟ ከፓስፖርቱ አንድ ፊደል ጎድሎታል።

ትልቁ ችግር ግን ቀኖቹን በጣታችን ስንቆጥር ወጣ። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኖቬምበር 30 ድረስ 91 ቀን ነው፤ ከደረሰችበት ቀን ሲቆጠር 95። "ሦስት ወር" እና "90 ቀን" አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ የምትገቡበትም የምትወጡበትም ቀን ይቆጠራል። ለድርጅቱ ጽፋ ማብቂያውን ኖቬምበር 20 አስደረገች፣ መመለሻዋን ኖቬምበር 22 አደረገች፤ 87 ቀን ሆነ። ኢንሹራንሱ ከኦገስት 28 እንዲጀምር ተስተካከለ፣ ባንኩም ስሟን አረመላት። በሁለት ሰዓት ሥራ ቪዛዋን አተረፈች።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አራት ዓምድ አስምሩ፦ ስም፣ መነሻ ቀን፣ ማብቂያ ቀን፣ የጉዞ ዓላማ። እያንዳንዱን ወረቀት በአንድ ረድፍ አስገቡ። ከላይ ወደ ታች ስታነቡ የሚለያይ ነገር ካለ ሳታርሙ አታስገቡ።

9. ቃለ መጠይቅ

ሦስት ነገሮችን በአጭሩ መናገር ተለማመዱ፦ ምን ልትሠሩ እንደምትሄዱ፣ ወጪውን ማን እንደሚችል፣ ሲያበቃ ወደ ምን እንደምትመለሱ። በደብዳቤው ያለውን የሥራ ዝርዝር በራሳችሁ ቃል ማስረዳት መቻል አለባችሁ፤ የምትሠሩትን የማታውቁ ከሆነ ሌላ ዓላማ ያላችሁ ትመስላላችሁ። የማታውቁትን "አላውቅም" በሉ። በቅጹ ከጻፋችሁት የተለየ መልስ አትስጡ፤ ቅጹ ጠያቂው ፊት ተከፍቷል።

ቪዛው ከተከለከለ የተሰጣችሁን ምክንያት በጥንቃቄ አንብቡ። የሸንገን ክልከላ ምክንያቱ በተመለከተበት ቅጽ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ይግባኝ የማለት መብትም አለ። ያው ወረቀት ሳይለወጥ በማግስቱ እንደገና ማመልከት ያው መልስ ያመጣል።

10. መኖሪያ

ያላያችሁትን ቤት ማስያዣ አትክፈሉ። የተለመደው ማጭበርበር ይህ ነው፦ ቤቱ ከአካባቢው ዋጋ ረክሶ ይቀርባል፣ አከራዩ "አሁን ከአገር ውጭ ነኝ" ይላል፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ ብሎ ገንዘቡ ቀድሞ እንዲላክ ይጠይቃል። ከሥራ ቦታው የሚታመን አድራሻ ጠይቁ፤ ካልተገኘ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ ጊዜያዊ ማረፊያ ያዙና ቤቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ተከራዩ።

ስትከራዩ አድራሻውን በመንግሥት መዝገብ ማስመዝገብ መቻላችሁን ጠይቁ። በጀርመን ለምሳሌ ቤት ከገባችሁ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ለዚህም አከራዩ የሚፈርመው ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የግብር ቁጥራችሁ ከዚያ በኋላ በፖስታ ይመጣል። ፖስተኛው ደብዳቤውን የሚያስገባው በሣጥኑ ላይ ስማችሁን ካየ ነው። ስለዚህ ቁልፍ በተረከባችሁበት ቀን ስማችሁን በፖስታ ሣጥኑ ላይ ለጥፉ።

11. ትኬት

አሁን ግዙ፤ ቪዛው በፓስፖርታችሁ ላይ ካረፈ በኋላ። አንዳንድ ኤምባሲ የጉዞ ዕቅድ ይጠይቃል፤ ለዚህ ያልተከፈለበት የቦታ መያዣ በአብዛኛው ይበቃል። መጀመሪያ ቪዛውን አንብቡ፦ የስሙ አጻጻፍ፣ የሚያገለግልበት ጊዜ፣ የሚፈቀደው የመግቢያ ብዛት፣ የቆይታው ቀናት። "የሚያገለግልበት ጊዜ" እና "የቆይታ ቀናት" ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ የምትቆዩት በሁለተኛው ነው። ስሕተት ካለ ኤምባሲው እንዲያርመው በዚያው ሳምንት መልሱ።

ሥራው ከመጀመሩ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቀድማችሁ፣ በሥራ ቀንና በብርሃን ድረሱ። በጄ-1 የሚሄድ ሰው ፕሮግራሙ ሊጀመር ከ30 ቀን በላይ ሲቀረው መግባት አይችልም። የምትተላለፉበት አገር የትራንዚት ቪዛ መጠየቅ አለመጠየቁን አረጋግጡ። በረራዎቹን በሁለት የተለያዩ ትኬቶች ከገዛችሁ፣ መሐል ላይ ሻንጣ ተቀብላችሁ እንደገና ለማስመዝገብ ወደዚያ አገር መግባት ሊኖርባችሁ ስለሚችል የመግቢያ ቪዛ ጥያቄ ይመጣል። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይም ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቃችሁም።

12. ሻንጣና ስልክ

የሰነዶች ማኅደር፣ መድኃኒት፣ ገንዘብ፣ ኮምፒውተርና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ሻንጣ ይሁኑ። የተመዘገበ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፤ የድንበር ሠራተኛው ግን ደብዳቤውን በዚያች ደቂቃ ይጠይቃችኋል።

ተንቀሳቃሽ የኃይል ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚጓዘው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። በላዩ ላይ የተጻፈው ሚሊአምፔር-ሰዓት ብቻ ከሆነ በቮልቱ አባዙና ለ1,000 አካፍሉ፤ 20,000 በ3.7 ሲባዛ ለ1,000 ሲካፈል 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል፣ ያልፋል። ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ ፈታሾች ሊወስዱት ስለሚችሉ ተውት።

የቻርጀሮቻችሁን ጀርባ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃል። በሰሜን አሜሪካ 120፣ በጃፓን 100፣ በአውሮፓ 230 ቮልት አካባቢ ነው። የፀጉር ማድረቂያና ካውያ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ቮልት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ አትያዟቸው።

ስልክን በሚመለከት ብዙዎች የሚያስታውሱት ከደረሱ በኋላ ነው፦ ባንካችሁ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ወደ አሮጌው ሲም ካርድ ነው። ሲሙ ውጭ አገር መልእክት መቀበሉን አረጋግጡ፤ ካልሆነ የባንኩንና የኢሜይሉን ማረጋገጫ ከመነሣታችሁ በፊት ወደ መተግበሪያ አዛውሩ። ያለዚያ ገንዘባችሁ እያለ መክፈቻው ሌላ አገር ይቀራል።

13. ድንበርና የመጀመሪያው ሳምንት

በድንበር ላይ የቅበላ ደብዳቤው፣ አድራሻችሁ፣ ኢንሹራንሱና የመመለሻ ትኬቱ በእጃችሁ ይሁኑ። ቪዛ ድንበር ላይ ለመቅረብ ያስችላል፤ መግባቱን የሚፈቅደው እዚያ ያለው ሠራተኛ ነው። ማኅተም ከተመታላችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት። አሜሪካ ስትገቡ አይ-94 የተባለውን የመግቢያ መዝገብ በኢንተርኔት አውጥታችሁ የቪዛው ዓይነት በትክክል መመዝገቡን እዩ፤ መድረሳችሁንና አድራሻችሁንም ለስፖንሰሩ ወዲያውኑ አሳውቁ፤ ካላሳወቃችሁ የሴቪስ መዝገባችሁ ሊዘጋ ይችላል።

በሳምንቱ ውስጥ የአድራሻ ምዝገባ፣ የባንክ ሒሳብና የስልክ ቁጥር በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ፤ ብዙ ባንኮች የአድራሻ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- የማይመለስ ትኬት ከቪዛ በፊት መግዛት። ቪዛው በሁለት ቀን ቢዘገይ ገንዘቡ ይቀልጣል።
- ደላላ ቅጹን እንዲሞላ ትቶ ሳያነቡ መፈረም። በቅጹ ውስጥ ላለ የሐሰት መረጃ ተጠያቂው ፈራሚው ነው።
- የቀድሞ የቪዛ ክልከላን መደበቅ። ክልከላ ብቻውን በር አይዘጋም፤ መዋሸት ግን ይዘጋል።
- ዋናውን ሰነድ በተመዘገበ ሻንጣ መላክ።
- የልምምዱ ጊዜ ሲራዘም ቪዛውም አብሮ የተራዘመ መስሎ መቀመጥ። ድርጅቱ ደብዳቤ ቢጽፍላችሁም የመቆያ ፈቃዱ ካልታደሰ ከማብቂያው ቀን ማግስት ጀምሮ ያለ ፈቃድ ትቆያላችሁ። ማብቂያው ሁለት ወር ሲቀረው ስልካችሁ እንዲያስታውሳችሁ በደረሳችሁበት ቀን ሙሉት።